የሰገራው ውጤት

ውጫሌን አገር የሚያውቃት በውሏ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያው አንቶኔሊ ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ብንፈልግ እንችላለን» ነበር፤ በጣሊያንኛው «ግድ ነው» ሆኖ ተገኘ። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ትርጉም። መዘዙ ዓድዋ አደረሰን።

ነገሩን ያነሳሁት ለታሪክ አይደለም። ዘመድ ጥየቃ ውጫሌ ሄጄ አንዲት እናት ያዙኝ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። እነዚያ ነጭ ካፖርት የለበሱ ልጆች የልጆቻችንን ሰገራ ወስደው ነበር። ምን ተገኘበት?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ልጆቹ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመጡ እንኳ አያውቁም። የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ተነበበላቸው፤ እሺ አሉ፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተመራቂው ተጨብጭቦለት፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። አንቀጽ 17 ማለት ይኸው አይደል?

ዓድዋን ካነሳን አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያው ዓድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ትልቁ ግኝት የተገኘው ከልብስ አጣቢዎች እግር ሥር ነው። የውጭ ተቋማት ግን «ምርመራው ይደገም» እያሉ ለዓመታት አንገራገሩ። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ!

ፈረንጅ አልሰማንም ብለን እስከዛሬ እናማርራለን። እኛስ እኚያን እናት ሰምተናል?

«በእንግሊዝኛ ካላሳተምን ዕድገት የለም፤ ገንዘቡም ከውጭ ነው» የሚል መምህር ይኖራል። እውነት ነው። ዓለም ይስማ፣ ይታተም። ግን ሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለጤና ጣቢያው መስጠት፣ አንድ እሑድ ቀበሌ ወርዶ «ይህን አገኘን፣ ውኃውን እንዲህ አድርጉ፣ ልጆቹን እዚህ አሳክሙ» ማለት የስንት ዶላር እርዳታ ይጠይቃል?

ስለዚህ እላለሁ፦ ውጤቱ ናሙና ለሰጡት ሰዎች በቋንቋቸው ሳይነገር ማንም ተማሪ አይመረቅ፣ ማንም መምህር ማዕረግ አያግኝ። አለዚያ ምርምራችን ለውጫሌ እናቶች ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሰጡት ሰገራ ይሁን እንጂ፣ ያበደሩን እምነታቸውን ነው።