ለቴክኖሎጂ የወጣው ገንዘብ ለሕዝብ ምን መለሰ?

የተከበራችሁ የመሐል ሜዳ፣ የሞላሌ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ነዋሪዎች፤
የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ መራጮች፤

ባለፉት ሃያ ዓመታት በኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ስም ከፍተኛ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል። ገንዘቡ ከከፈልነው ግብርና በስማችን ከተወሰደ ብድር የመጣ ነው። ስለሆነም ስንት ኮምፒዩተር እንደተገዛ ብቻ ሳይሆን በምላሹ ምን እንዳገኘን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለን።

ድርጅታችን ቴክኖሎጂን አይቃወምም። እንዲያውም በጀማ ሸለቆና በገደላ ገደል ለተቆራረጠው አገራችን ከማንም ይልቅ ያስፈልገዋል ብለን እናምናለን። በስልክ ወይም በአቅራቢያ ጽሕፈት ቤት ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ደብረ ብርሃን ድረስ ሲያመላልስ ነዋሪው የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ያወጣል፤ የሥራ ቀኑንም ያጣል። የምንቃወመው የዕቃ ግዢን እንደ ልማት መቁጠርን ነው።

ካለፈው ምን እንማራለን?

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር በሳተላይት የሚያገናኘው «ወረዳ ኔት» ተዘረጋ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ አውታሩ በይበልጥ የታወቀው ባለሥልጣናት በምስል በሚያደርጉት ስብሰባ ነው። ስብሰባው የሹማምንትን ጉዞ መቀነሱ አይካድም፤ መመሪያም ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ይወርዳል። የነዋሪው አቤቱታ ከታች ወደ ላይ በዚያው ፍጥነት ካልወጣ ግን ሥራው የተሠራው በግማሽ ነው።

በዚያው ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት መጣ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል፤ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያቆምለትም። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። መምህሩን ያላገዘ መሣሪያ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነው።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮም ማስፋፊያው 1.5 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ የአቅራቢ ብድር ያለ ውድድር ለዜድቲኢ ኩባንያ ተሰጠ። ስልክ በአገሪቱ መስፋፋቱ እውነት ነው። ነገር ግን አቅራቢውም አበዳሪውም አንድ ወገን ሲሆን ገዢው ስለ ዋጋና ስለ ጥራት የመደራደር ኃይሉን ያጣል።

መሣሪያ ብቻውን ታማኝነትን እንደማያመጣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታየው ምሳሌ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ከወጣ በኋላ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተሰረዘ። ለዓመታት ከጉሮሯቸው ቀንሰው የቆጠቡ ሰዎች ተስፋ ለጊዜው በነነ። ከዕጣው በፊት በገለልተኛ ባለሙያ ሊመረመር ይገባው ነበር።

የተሳካውስ ለምን ተሳካ?

በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለት ዋጋን በአጭር መልእክትና በ929 የስልክ መስመር አሰማ። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የግብርና መስመር ለገበሬው በሚሰማው ቋንቋ በነፃ መለሰለት። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በተራ ስልክም ገንዘብ አስተላለፈ። ሦስቱም የተነሡት ከአንድ ግልጽ ችግር ነው፤ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ ሠሩ፤ ተጠቃሚውም ጥቅሙን ራሱ መመዘን ቻለ። ይህ ሚዛን ለሁሉም ግዢ ሊውል ይገባል።

ስለዚህ ብንመረጥ የሚከተሉትን ለመፈጸም እንታገላለን፤

አንደኛ፣ የትኛውም ሥርዓት ከመገዛቱ በፊት የትኛውን አገልግሎት እንደሚያሻሽል በጽሑፍ ይገለጻል። የንግድ ፈቃድ ለማደስ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ለማውጣት ዛሬ ስንት ቀንና ስንት ምልልስ ይጠይቃል? ከአንድ ዓመት በኋላስ? ውጤቱ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።

ሁለተኛ፣ ለዕቃ ብቻ በጀት አይያዝም። የባለሙያ ደመወዝ፣ ሥልጠና፣ ጥገናና የመጠባበቂያ ኃይል በአንድነት ይታቀዳሉ። ጠጋኝ የሌለው ኮምፒዩተር የጋን መብራት ነው።

ሦስተኛ፣ ግዢው በግልጽ ጨረታ ይፈጸማል፤ ውሉ ይታተማል፤ ሥርዓቱ በገለልተኛ ኦዲተር ይመረመራል። መረጃው የሕዝብ እንጂ የአቅራቢው አይሆንም። ነዋሪውም አንድ ጊዜ ለመንግሥት የሰጠውን መረጃ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አድርጎ እንዲያመጣ አይጠየቅም።

አራተኛ፣ የበግ፣ የባና፣ የስንዴና የምስር ዋጋ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ስንት እንደዋለ ለአካባቢያችን ነጋዴና አምራች በስልክ እንዲደርስ እናደርጋለን። የመንዝ በግ ሻጭ በደላላ ግምት ብቻ ሊሸጥ አይገባም።

አምስተኛ፣ የስልክና የኢንተርኔት መስመር በሥራ አስፈጻሚው ፈቃድ ብቻ እንዳይዘጋ ሕግ እንዲወጣ እንታገላለን። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። «ለጸጥታ ሲባል ነው» የሚል መልስ ይሰጠናል። ጸጥታን ለማስጠበቅ አስፈላጊ ከሆነ ምክንያቱ ለፍርድ ቤት ይቅረብ፤ ጊዜውም ይወሰን። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰበት መስመር ሲዘጋ ነጋዴው ገበያውን፣ ተማሪው ትምህርቱን፣ አገሪቱም ያወጣችውን ወጪ ታጣለች።

«ይህን ሁሉ ለመቆጣጠር አቅም አለ ወይ?» ለሚሉን መልሱ ከደጃችን ነው። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በጋራ ሲጠብቁ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚጠብቀውና ደንብ የጣሰ ምን እንደሚጠብቀው ለይተው ያውቁ ነበር። ያልተማሩ የተባሉ ገበሬዎች ለሣር ያበጁትን ደንብ፣ የተማረ መንግሥት ለኮምፒዩተር ሊያበጅ አይችልም ማለት አያሳምንም።

የተከበራችሁ መራጮች፤ የምረጡኝ ቅስቀሳ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ምን እንደሚገዛ ብቻ አትጠይቁት። ምን ያህል ምልልስ እንደሚያስቀርላችሁ፣ ሒሳቡንም መቼና የት እንደሚያሳያችሁ ጠይቁት። መልሱን መዝኑ፤ ድምፃችሁንም በዚያው ሚዛን ስጡ።