ሽንት ቤቱ ሲሞላ ዕዳው የማነው?

የዛሬውን ጨዋታ ምሳ ከመብላታችሁ በፊት የጀመራችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት ስትጽፉልኝ ከርማችኋል። በዚህ ሳምንት ከወደ ደጀን የደረሰችኝ ደብዳቤ ግን የምታወራው ስለ ሽንት ቤት ነው።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት። የምትኖረው አራት ክፍል የሚከራይበት ግቢ ውስጥ ነው። ነገሯ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ሽንት ቤታችን ሞልቶ ሽታው አላስተኛን አለ። አከራያችን እትዬ ‹በሻወር የሞላችሁት እናንተ ናችሁ፣ አዋጡ› አሉን። መናኸሪያ ዕቃ የሚሸከም አንድ ልጅ ማታ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ በባልዲ እየቀዳ ገደሉ ጋ ሊደፋው ተስማምቷል። ሌሎቹ ተከራዮች ሰጥተዋል። እኔን ግን ሆዴ እምቢ ስላለኝ ‹ኩራተኛ› ተባልኩ። ልስጥ ወይስ ቤቱን ልልቀቅ?»

እህቴ፣ እንዳትሰጪ! ቤቱንም አትልቀቂ። ሆድሽ የነገረሽ እውነት ነው።

አስቀድመን ስለ ልጁ እናውራ። የተዘጋ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ብቻ አይደለም፤ ጋዝም አለ። አንዱ ጋዝ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ነው። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውዬው «ሽታው ለቀቀኝ» ብሎ ሲደሰት ያኔ ነው ራሱን ስቶ የሚወድቀው። ሊያወጣው ዘሎ የገባውም ይደገማል። በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ጋዙን አያግደውም። ሌላው ጋዝ ደግሞ እሳት የሚይዝ ነው፤ ክዳኑ በተከፈተበት ቦታ ሻማም ሆነ ሲጋራ መለኮስ አይቻልም። ታዲያ ለጥቂት ብር ብሎ የሰው ልጅ ያውም በጨለማ እዚያ ውስጥ ይግባ? ያ ልጅ ቢቀር መዋጮው የደም ገንዘብ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ገደሉ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሁሉ ደጀንን ያውቃታል፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ሽቅብ ሲወጣ አፋፉ ላይ የምትቀበለው ከተማ ናት። እዚያ ገደል የተደፋ ነገር የትም አይጠፋም፤ ዝናብ ያወርደዋል። ታች ቆላው ላይ ከምንጭና ከወንዝ የሚቀዳ ሰው አለ። አተትና ታይፎይድ የሚዛመቱት እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን የበከለውን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ያስበከለውንም ይመለከታል። ስለዚህ «ልጁ ነው የደፋው» ማለት አያዋጣም።

ለመሆኑ ጉድጓዱ ለምን ቶሎ ሞላ? እኔ 12ኛን የጨረስኩ እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። አንድ የመጣጭ መኪና ረዳት ፈልጌ በማኪያቶ አዋራሁት። ያለኝን ከራሴ ሂሳብ ጋር ላቅርብላችሁ።

በግቢው 9 ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢታጠብ 180 ሊትር ይሆናል። ጉድጓዱ በጎን 2 በ2፣ በቁመት 3 ሜትር ከሆነ የሚይዘው 12,000 ሊትር ነው። መሬቱ ካልመጠጠው፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ የገላ መታጠቢያው ውሃ ብቻ በ67 ቀን ይሞላዋል! የደጀን አካባቢ ዋልካ አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ራሱ ውሃ ጠግቦ ስለሚያብጥ አይመጥም። እንግዲህ እትዬ ስለ ሻወሩ ያሉት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም ማለት ነው።

በፈረንጅ አገር በመኪና የሚጎተት ቤት አለ። ሰዎቹ ለሽርሽር ሲሄዱ አልጋውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን ይዘው ነው። ከሥሩ ሁለት ማጠራቀሚያ አለው፦ አንዱ የሽንት ቤት፣ አንዱ የመታጠቢያ። ሲሞላም የትም አይለቁትም፤ የተፈቀደ ቦታ አለ። እዚያ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ይለቃሉ፣ ከዚያ የመታጠቢያውን፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን እንዲያጥብላቸው ብለው። ከዚህ የምንማረው ሁለቱን ውሃ አለማደባለቅን ነው። የመታጠቢያው ውሃ በድንጋይ ወደተሞላ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቢሄድ የሽንት ቤቱ ዕድሜ ይረዝማል።

ረዳቱ ከሁሉ በላይ ያማረረው ስለምንጥለው ነገር ነው። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ ኮንዶም ቱቦውን ይወትፋሉ፤ መኪናው ሳይመጥ ይመለሳል። የወጥ ቅባትና የቡና አተላም አይደፋ። ብዙዎቻችን «ሴፍቲ ታንከር» የምንለው ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ደግሞ በረኪና አታብዙ። ቆሻሻውን ቀስ በቀስ የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው፤ በረኪናው እነሱን ይፈጃቸዋል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሽንት ቤት አፉ ድረስ እስኪሞላ አይጠበቅም። ግማሽ ሜትር ሲቀረው ነው ሞላ የሚባለው። ጥሩው ጊዜ ከክረምት በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ክረምት ላይ ጨርሶ ባዶ ከተደረገ ውጪ ያለው ውሃ ገፍቶ ግድግዳውን ሊንደው ይችላል።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መጣጭ መኪና ከየት እንደሚገኝ ጠይቁ። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ከሆነ ወጪው ከብዷችሁ አትደንግጡ፤ ከጎረቤት ግቢዎችና ከሆቴሎች ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አስመጥጡ፣ የመንገዱ ዋጋ ይከፋፈላል። መኪናው በሩ ጋ መድረስ መቻሉን አስቀድማችሁ እዩ። የት እንደሚደፋውም ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም። መኪና ጭራሽ ካልተገኘና ግቢው ሰፊ ከሆነ ሌላ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። አሮጌው በአፈር ተደፍኖ ሁለት ዓመት ሳይነካ ይቀመጥ።

ዕዳውስ የማነው? ውሃ የምናበዛውና ፌስታል የምንጥለው እኛ ተከራዮች ነን። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት፣ ኪራዩንም የሚቀበሉት አከራይዋ ናቸው። እኔ ብሆን «ማስመጠጫው የቤቱ ባለቤት፣ ጥንቃቄው የተከራይ» ብዬ ውል ላይ አስገባው ነበር። ለዘንድሮው ግን ሰላም ይሻላልና ግማሽ በግማሽ ተስማሙ።

እህቴ፣ እሑድ ቡና አፍልተሽ እትዬን ጥሪያቸው። አትቆጪ። «እትዬ፣ ገንዘቡ አይደለም የከበደኝ። ያ ልጅ እርስዎ ግቢ ውስጥ ቢሞት ምን ይሉታል? የልጁን ሁለት እጥፍ ለመኪና አዋጣለሁ» በያቸው። ልጁንም ጠርተሽ የጋዙን ነገር ንገሪው፤ እናንተ ብትተዉት ሌላ ግቢ ይቀጥረዋልና። ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ አብሮ ይሂድ፣ ለድካሙም ይከፈለው።

ውጤቱን ጻፊልኝ። እናንተም ግቢያችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!