የአትክልት ማሰሮ መደርደሪያን በቤት ስለ መሥራት

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ አሪቲውና ጽጌረዳው ከክረምት ጕዳት ስለሚድኑበት ስለ አንድ ታናሽ የእንጨት ሥራ እንነጋገራለን።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ የደብረ ታቦሩ የሚገነጠልባት ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፣ በክረምት ርብና ጉማራ እየሞሉ ውሃ ይተኛበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ከቤቱ እስኪፈናቀል ድረስ ማጥለቅለቃቸው አይዘነጋም። ለሩዙ የተስማማው ይህ ውሃ ለማሰሮ ተክል ጠላት ነው። ማሰሮ በጭቃ ላይ ሲቀመጥ የታችኛው ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውሃውም መውጫ ሲያጣ ሥሩ ትንፋሽ አጥቶ ይበሰብሳል። እመቤቲቱ ቅጠሉ ሲገረጣ አይታ የጠማው መስሏት ውሃ ብትጨምርበት ጥፋቱን ታፋጥነዋለች።

መድኃኒቱ ማሰሮውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ነገር ግን የመደርደሪያውን እግር በመሬት ውስጥ መትከል አይገባም። ጥቁሩ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና የተተከለውን እንጨት ያዘምመዋል፤ ምስጥም መንገድ ያገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው አራት እግሮች ይቈረጡ፤ ምስጥን ስለሚቋቋም ጥድ ይመረጣል። እግሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው አግዳሚዎች በውስጥ በኩል ማያያዝ ነው፤ አንዱ አግዳሚ ከእግሮቹ ራስ እኩል ይሁን፣ ሁለተኛው ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚያም ስፋታቸው 8 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የዋንዛ ጣውላዎች ሦስቱ በ80፣ ሦስቱ በ70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይዘጋጁ። ረጃጅሞቹ በላይ፣ አጫጭሮቹ በእግሮቹ መካከል በታች ይመታሉ። በጣውላና በጣውላ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ውሃው የሚወርደው በዚያ ነው። በመጨረሻም በጀርባው ከአንዱ እግር ሥር ወደ ሌላው እግር ራስ አንድ ረዥም እንጨት በሰያፍ ቢመታ መወዛወዙን ይከለክላል።

ባሕር ዛፍ ብቻ ያለው ሰው በሚገባ መድረቁን ይመልከት፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ከሚስማሩ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ቀጭን ቀዳዳ ማብጀት እንጨቱን ከመሰንጠቅ ያድናል። ሥራው ሲያልቅ የተልባ ዘይት ቢቀባ ዝናብን እንዲቋቋም ይረዳዋል፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ባለ ማዕረግ መዶሻ ቢይዝ ነውር ነው የሚል አሳብ በአገራችን ረዥም ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነበር። ዐዋጅ አንደበትን ይገታል፤ ልብን የሚያስተምረው ግን ምሳሌ ነው። አባት በልጆቹ ፊት መጋዝ ሲያነሣ፣ ልጆቹ እንጨት ጠራቢውንና ሸክላ ሠሪዋን ማክበርን ያለ ምክር ይማራሉ።

ሰኔ ሳይገባ፣ በግንቦት ወር ሥራው ቢጀመር መልካም ነው።