ከበደ ምን ገዛሁ አለ?

ሰሞኑን ያቺ የቆየች ጥያቄ ደግማ ብቅ ብላለች፦ የሥነ ልሳን ንድፈ ሐሳብ በድኅረ ምረቃ ማጥናት ለአገር ምን ይፈይዳል? የዚህ ዓምድ ደንበኞች በ«ምን ይፈይዳል» ባዮች ላይ ያለኝን ቂም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። የዛሬው ያናደደኝ ጥያቄው ከሙያው ሰፈር መምጣቱ ነው። መዝገበ ቃላት እንኳ የሌላቸው ስንት ቋንቋዎች እያሉ ንድፈ ሐሳብ ቅንጦት ነው፤ ተማሪው መረጃ ይሰብስብ፣ ይግለጽ፣ ይመረቅ ይሉናል።

እስቲ «ከበደ ምን ገዛሁ አለ?» የሚለውን እንየው። አማርኛ የሚናገር ሁሉ ሳይቸገር ይለዋል። ገዢው ከበደ ነው፤ ግሡ ግን በአንደኛ መደብ ቆሟል። የከበደን ቃል እንዳለ ጠቅሰን ነው እንዳንል ደግሞ፣ እሱ «መኪና ገዛሁ» አለ እንጂ «ምን ገዛሁ» አላለም። «ምን» የጠያቂው ነው፤ በ«ገዛሁ» ውስጥ ያለው «እኔ» የከበደ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሰራጨው፣ በ1989 በታተመው ጽሑፉ፣ «እኔ»ን የመሰለ ቃል ከጥቅስ ውጭ ምንጊዜም የሚያመለክተው ተናጋሪውን ነው፤ ይህን የሚያዛውር ነገር ቢኖር ጭራቅ ነው፣ በእንግሊዝኛም የለም ብሎ ነበር። የሥነ ልሳን ምሁሩ ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 ለጭራቆቹ ጥብቅና በቆመበት መጣጥፍ ዋና ምስክር አድርጎ የጠራው አማርኛን ነው። ከዚያ ወዲህ ዛዛኪና ኡይጉርን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ለምስክርነት ተሰልፈዋል። ጭራቁ ለካ እኛ ቤት ቡና ሲጠጣ ኖሯል፤ ጭራቅ መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም።

«ታዲያ እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር በቮልፍ ሌስላው የ1995 ሰዋስው ውስጥ ሰፍሮ የለም ወይ? ገለጻው አይቀድምም?» የሚል ይኖራል። ሰፍሯል፤ ለሌስላውም ክብር ይግባቸው። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ ወሬ የሆነው፣ በእሱ ሊፈርስ የሚችል ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው ሲገኝ ነው። ተናጋሪዎቹ በጣት በሚቆጠሩት በኦንጎታ ቋንቋ ላይ የሚሠራ ተማሪማ ከሁሉ ይበልጥ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ሽማግሌው የተናገሩትን «ቀጥተኛ ንግግር» ብሎ መዝግቦ ካለፈ፣ ሌላው ተመልሶ የሚጠይቃቸው አያገኝም። አማርኛ ሚሊዮኖች ስላሉት መቶ ዓመት ሊታገሥ ይችላል፤ ኦንጎታ አይችልም። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ቅንጦት የሚሆነው፣ ከሆነ፣ ለትልልቆቹ ቋንቋዎች ነው።

ንድፈ ሐሳብ ቶሎ ያረጃል፣ የሥነ ልሳን ሊቁ ቾምስኪ ራሱ የ1957ቱን ንድፈ ሐሳቡን ትቶታል የሚሉም አሉ። ያርጅ! የካፕላን ሐሳብ ቢወድቅ እንኳ፣ እሱን ለመፈተን ሲባል የተገኘው የአማርኛ ጠባይ አብሮ አይወድቅም።

አማርኛ ንድፈ ሐሳብ አይሸከምም የሚለውን ሰበብ ደግሞ የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ድሮ ዘግቶታል። ችግሩ ያለው የመመረቂያ ርዕስ አመራረጣችን ላይ ነው፤ «የእገሌ ቋንቋ ሥርዓተ ድምፅ» ተብሎ የቋንቋው ስም ብቻ ይቀያየራል፣ ማውጫው ግን ያው ነው። ፈታኞች የገጽ ብዛትና የኅዳግ ስፋት መለካታቸውን ትተው ተመራቂውን አንድ ነገር ቢጠይቁት ምን ነበር፦ መረጃህ እውነት ከሆነ የማን ሐሳብ ይፈርሳል?