ጀልባው ከቀረ በኋላ

የድልድይ ክፍያ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማጣራው ነገር ቢኖር ከፋዩ ሌላ መሻገሪያ ያለው መሆኑን ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሚነዳ ሰው ክፍያው ከከበደው በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው የድሮው መንገድ አለለት። ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። ምርጫ ለሌለው ሰው ግን ክፍያው ስሙን የቀየረ ግብር ነው።

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለችው የስካይ ደሴት ሕዝብ ይህን ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ድልድይ ተመረቀ፤ መኪና ያሻግር የነበረው ጀልባም በዚያው ቀረ። ድልድዩን የሠሩት የግል ኩባንያዎች ስለነበሩ ወጪያቸውን ከተሻጋሪው መልቀም ያዙ። እስከ 2004 ባለው ጊዜ ለአንድ መኪና መሄጃው ብቻ 5 ፓውንድ ከ70 ፔንስ ደርሶ ነበር። ለነዋሪው ትኬት በጅምላ ሲገዛ ቅናሽ ነበረው፤ ቢሆንም ትልቁ ሆስፒታል ያለው ማዶ፣ ኢንቨርነስ ነው። መታከምም በክፍያ ጣቢያው በኩል ነው ማለት ነው።

ሰዉ አልከፍልም አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተያዙ፣ ከመቶ በላይ ተፈረደባቸው። የሚዳኙት ደግሞ ከድልድዩ ማዶ፣ ዲንግዎል በተባለች ከተማ ነበር። ስለዚህ ተከሳሹ «ለምን አልከፈልክም?» ለመባል እንኳ ያንኑ ድልድይ መሻገር፣ ያንኑ ክፍያ መጋፈጥ ነበረበት። ይህን ያቀደ ሰው ካለ ቀልደኛ ነው። በመጨረሻ የስኮትላንድ መንግሥት ድልድዩን በ27 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛና በዲሴምበር 2004 ክፍያው ቀረ። ስካይን ረግጦ የማያውቅ የግላስጎው ግብር ከፋይ «እኔን ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። ያገባዋል፤ እሱም ሆስፒታል ሲሄድ በር ላይ ቆሞ የሚያስከፍለው የለም።

እስከዚህ ድረስ ከይቅር ባዮች ጋር ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታቸውን ግን አልወድላቸውም። ኤድንብራ አጠገብ ያለው የፎርዝ ድልድይ፣ በ1964 የተከፈተው ማለቴ ነው፣ ክፍያው በፌብሯሪ 2008 ተነሳ። በ2015 መጨረሻ ከተሸካሚ ብረቶቹ አንዱ ተሰንጥቆ ስለተገኘ ለሳምንታት ተዘጋ። ስንጥቁ የመጣው ክፍያው ስለቀረ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የጥገናው ገንዘብ ድሮ ከተሻጋሪው በቀጥታ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመንግሥት ካዝና ሆነ፣ እዚያ ደግሞ ድልድዩ ከትምህርት ቤቱም ከክሊኒኩም ጋር መሻማት አለበት። በጀቱ ተቀንሶ ነበር አልተቀነሰም የሚለው ሙግት ፓርላማ ድረስ ገባ።

ክፍያ አስቀራለሁ ብሎ ድምፅ የሚጠይቅ ዕጩ ብሎኑን የሚያጠብቀው ሠራተኛ ደመወዝ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚወጣ በዚያው መድረክ ይንገረን። እኔ ብሆን የክፍያ ጣቢያውን የማፈርሰው ያ በጀት በምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ ነው።