አሳታሚ ደጅ ያልጠና የጉዞ መጽሐፍ

ዚን በጥቂት ቅጂ፣ በአዘጋጁ ወጪና በአዘጋጁ ፈቃድ የሚታተም ስስ ኅትመት ነው። የጉዞ ፎቶግራፍ ዚን አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ መሃል ለመሃል ይታጠፍና በሁለት ስቴፕል ይያዛል፤ ጽሑፍ ካለውም የቦታ ስምና ዓመት ቢሆን ነው። አሳታሚ ያጣ ፎቶ አንሺ የሚጽናናበት፣ ለ«ትክክለኛው» መጽሐፍ መንደርደሪያ የሚያደርገው ነው እየተባለ ይነገርለታል። ታሪኩ ሲታይ ግን ይህ አባባል ውኃ አያነሳም።

ጃፓናዊው ዳይዶ ሞሪያማ ኒው ዮርክን ያየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በዚያ ጉዞ ያነሳቸውን ፎቶዎች በ1974 ቶኪዮ ላይ ለሕዝብ ሲያቀርብ ግድግዳ ላይ በፍሬም አልሰቀላቸውም። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ ፎቶኮፒ ማሽን አስገባ፤ ሥዕሎቹን እዚያው እያባዛ፣ በሐር ማተሚያ የተሠራ ሽፋን እያለበሰ፣ በስቴፕል እየመታ ለተመልካች ሰጠ። «ሌላ አገር» የተባለው ኅትመት እንዲህ ተወለደ። ሰውየው አሳታሚ አጥቶ አልነበረም፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1968፣ «ፎቶግራፍ ሆይ ደኅና ሁን» ደግሞ በ1972 ታትመዋል። ወደ ኮፒ ማሽኑ የሄደው ፈልጎ ነው።

ምን ፈልጎ? ኮፒ ማሽን መካከለኛውን ግራጫ ይውጠዋል፤ ጥቁሩ ይወፍራል፣ ነጩ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሞሪያማ ፎቶ ቀድሞውንም የደበዘዘ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ቅንጣቱ ጎልቶ የሚታይ ነበር፤ ማሽኑ ያንኑ ጠባይ አጉልቶ አወጣው። ጥሩ ማተሚያ ቤት ቢገባ ኖሮ ባለሙያዎቹ «ጉድለቱን» አርመው በመለሱለት ነበር! ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጂዎቹ እርስ በርስ አለመመሳሰላቸው ነው። የጥራዝ አልበም የጉዞውን ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ወስኖ ይዘጋዋል፤ እዚህ ግን ያው ኒው ዮርክ በየቅጂው በሌላ መንገድ ይኬድ ነበር።

ከሞሪያማ በፊት አሜሪካዊው ኤድ ሩሼ በ1963 «ሃያ ስድስት የቤንዚን ማደያዎች»ን በራሱ ገንዘብ አሳትሟል። ከሎስ አንጀለስ ወደ ኦክላሆማ በሚወስደው መንገድ የቆሙ ማደያዎች ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። የመጀመሪያው እትም 400 ቅጂ ብቻ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን አልቀበልም አለ፤ ሩሼም እምቢታውን «አርትፎረም» መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አድርጎ አወጣው። አሳታሚ የሚለምን ሰው እንዲህ አያደርግም።

ጥቂት ቅጂ ለጥቂት ሰው ብቻ ይደርሳል የሚሉ አሉ። የሩሼ መጽሐፍ በ1967 እና በ1969 እንደገና ታትሟል፤ የፈለገ አሳትሞ ይጨምራል። ወረቀቱ አይበረክትም የሚለውማ መልስም አያሻው፤ የእነዚህን ኅትመቶች የመጀመሪያ ቅጂ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይሻሙበታል።

ሞሪያማ በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ አፐርቸር በተባለው ተቋም አዳራሽ፣ ያንኑ ሥራ በቶኪዮ ፎቶዎች ደገመው። በዚህኛው ገጾቹን የመረጡትና ቅደም ተከተሉን ያወጡት ጎብኚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ያኔ ስሙ ዓለም አቀፍ ነበር፤ የትኛውም አሳታሚ በሩን ይከፍትለት ነበር። ጠንካራ ሽፋን ያለው የጉዞ አልበም ከእንግዲህ ለስጦታ ካልሆነ በቀር አያስፈልግም።