ሰፊ ብረት ሁሉ ጠንካራ ነው?

«ሱቃችን ውስጥ ቆጥ ልሠራ ነው። እኔ ከላይ ልተኛ፣ እናቴ ከታች ትነግድ። በያጁ ክንፈ ሰፊውን ኤች ብረት ግዛ አለኝ» ላልከን ወንድማችን፦ ስፋቱ አያታልልህ! (በያጆች ሲባሉ ሰፊ ነገር ይወዳሉ።) ኤች ኢ ኤ 200 በሜትር 42.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፈ ጠባቡ አይ ፒ ኢ 300 ደግሞ 42.2። ኪሎው ያው ነው። ግን የአንዱ ቁመት 19 ሳንቲ ሜትር፣ የሌላው 30 ስለሆነ፣ ጠባቡ ከላይ ሲጫኑት ላለመጉበጥ ያለው አቅም ከእጥፍ ይበልጣል። ጣሪያህ ዝቅ ካለ፣ ወይም ለቋሚ ምሰሶ ከሆነ፣ እሺ ሰፊውን ውሰድ። ደግሞ የግድግዳዎቹን ርቀት ሳትነግረን! በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርቀቱ እጥፍ ከሆነ፣ ያው ብረት 16 እጥፍ ይጎብጣል። በያጁ ይበይድ፣ ልኩን ግን ለመሐንዲስ ከፍለህ አሰላ፤ ከሥሩ የሚውሉት እናትህ ናቸው።